የቤዝ መቺዎች ደረጃና የግራ ጆሮዬ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

ገመዶቹን ጠቅልዬ ጨረስሁ። ሰባት ናቸው። የአንዱ ጫፍ ላልቷል። ከሐይቁ ነፋስ አለ፤ አስተናጋጆቹ የጠረጴዛ ልብሱን በድንጋይ እየያዙ ነው። ልምምድ 10 ሰዓት። እስከዚያ ከአንተ ጋር ነኝ፣ ደብተር።

የማታ ክፍል አስተማሪዬ መ/ርት ሰላም በየቀኑ ጥቂት ጻፉ፣ እጃችሁ እንዳይረሳ ብላለች። የእኔ እጅ አይረሳም። ዘጠኝ ወር ተምሬ አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ለሌሎቹ የማስረዳው እኔ ነበርሁ። ማሳጠርም እችላለሁ። መ/ርት፣ ሆ/ል፣ ት/ቤት። የተማረ ሰው ቃል አይጨርስም።

ዛሬ ከባድ ጉዳይ አለብን። ከአቤል ጋር ተጣላን። አቤል የባንዳችን ቤዝ ጊታር መቺ ነው፤ 24 ዓመቱ፣ ጣቱ ፈጣን፣ ምላሱም። ጠባችን ከዓለም የሮክ ቤዝ መቺዎች አንደኛው ማን ነው በሚለው ነው። እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ሚክሰር ላይ አሥራ ስድስት ዓመት። ቤዝን ከእኔ በላይ የሚሰማ ጣና ውስጥ ያለ ጉማሬ ብቻ ነው አልሁት። የባንዱ መሪ ጋሽ ፍቅሩ ከኪቦርዱ ላይ ሆኖ ፈረደ። ሁለታችሁም በጽሑፍ ደረጃ አውጡ፣ ቅዳሜ 23 በሁላችን ፊት ይነበብ፣ የተሸነፈ መድረክ ላይ ወጥቶ የአሸናፊውን ጆሮ ያወድስ። "በጽሑፍ" ሲል አየኝ። የማልችል ይመስል።

ዘፈኖቹ ፍላሽ ላይ ናቸው። ዓሣ ሊያጠና መጥቶ ሆ/ላችን የከረመ ፈረንጅ የተወልኝ። የመቺዎቹ ስም በፈረንጅ ፊደል ነው፤ የእኔ ትምህርት እዚያ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ስም አወጣሁላቸው። ክርስትና አነሣኋቸው በለው።

1ኛ. ዘበኛው። አይሮጥም፣ አይፎክርም። በር ላይ ይቆማል። ድራሙም ጊታሩም እሱ ሳያሳልፋቸው አይገቡም።
2ኛ. ወፍጮ። ከሆድ ነው የሚፈጭ።
3ኛ. ጉማሬ። ዘፈኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ተመልሶ ይገባል።
4ኛ. ለቅሶ ደራሽ። ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። እሱ ሳይመጣ ግን ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም።
5ኛ. ሚዳቋ። ቀጭን ክር ላይ ብቻ ይዘላል። የአቤል 1ኛ ይህ ነው። ልጅ ስለሆነ ይቅር ብዬዋለሁ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ማስረጃ ልጽፍ ፍላሹን ከፈትሁ። ወፍጮ ዛሬ አይፈጭም። ይዞራል፣ ዱቄት የለውም።

ገመድ ቀየርሁ። ያው። ትልቁን ስፒከር ፈታሁ፤ ውስጡ እንሽላሊት ከነቤተሰቡ። ጥፋተኛውን ያዝሁ ብዬ ደስ አለኝ። አስወጣሁት፣ መልሼ ገጠምሁ። ያው። ከዚያ የሆ/ሉን የመብራት ሠራተኛ ተቆጣሁት፤ ኃይል እየቀነስህብኝ ነው ብዬ። ሰውየው በጣቱ አምፖሉን አሳየኝ። ቦግ ብሎ ይበራል።

ወፍጮን ወደ 4ኛ አወረድሁት። የደከመ ደረጃ አይገባውም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00

ይህን ገጽ ለብቻህ ያዘው።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዘበኛውን ከፈትሁ። በሩ ላይ ቆሟል። የቀኙን ማዳመጫ አነሣሁ። ዘበኛው በሩን ጥሎ ሄደ። መለስሁት፤ ተመለሰ። አነሣሁት፤ ሄደ። ስምንት ጊዜ። ጊታሩና ዘፋኙ በግራዬም ይሰማሉ። እሱ ብቻ ነው የሌለው። እሱ የቆመበት ቦታ ጭው ይላል፤ የሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ያለ ነፋስ ዓይነት።

ጭውታው አዲስ አይደለም። ከመስቀል በፊት ጀምሮ ነበር። ብርድ ነው አልሁ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ቆሜ መሬቱ ዞረብኝ፣ ገመድ ይዤ ተረፍሁ። የጾም ድካም ነው ብዬ አለፍሁት። ቀኑ ግን ማክሰኞ ነበር።

እንሽላሊቱ ይቅርታ ይገባዋል።

ይህን በችኮላ ነው የጻፍሁት። ጽሑፌ ቢያስጠላ መ/ርት ሰላም ትፍረድብኝ። ከእኔ ላይ ጆሮን ብታነሣ ምን ይቀራል? ገመድ ጠቅላይ። እሱንም ከእኔ በርካሽ የሚጠቀልል ሞልቷል።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

ልምምድ ላይ ቤዙን እስኪሰማኝ ከፍ አደረግሁ። ሲሰማኝ የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጥ ነበር። አስተናጋጇ ትሪዋን አስቀምጣ ጆሮዋን ያዘች። ጋሽ ፍቅሩ አቆመን። ደምሌ፣ ሰዉን ልታበላው ነው ወይስ ልታስፈጨው አለኝ። የጣና ዓሣም ትንሽ ይስማ እንጂ፣ ጋሽ ፍቅሩ፣ አልሁት። ሳቁ። እኔም።

ዝቅ አደረግሁ። የት ላይ ላቁም? አላውቅም። ከዚያ ብልሃት መጣልኝ። በውኃ የተሞላ ብርጭቆ ስፒከሩ ላይ አስቀመጥሁ። ቀለበቱ ከመሐል ተነሥቶ ብርጭቆው ጠርዝ ሲደርስ ልክ ነው። ካለፈ በዝቷል። አቤል ስንት ዓመት ተማርኸው ብሎ አደነቀኝ። የፈረንጅ ዘዴ ነው አልሁት።

በዓይኔ እየሰማሁ ነው፣ ደብተር።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡30

ብርጭቆዬን አስተናጋጇ አንሥታ አጠበችው። ልምምድ ሊጀመር ነበር። ምን ላድርግ? ጫማዬን አወለቅሁ። መድረኩ እንጨት ነው፤ ድምፁ በእግሬ ትንሽ ይመጣል። አጠገቤ የማይክ ማቆሚያ ነበር። ዘንጉን ወለሉ ላይ ተክዬ አገጬን ጫፉ ላይ አስደገፍሁ። የአቤል ቤዝ በዘንጉ ወጥቶ በአገጬ ገባ። በጥርሴ ሰማሁት። ሁሉንም። እንዴት ደስ አለኝ።

ከዚያ በመስኮቱ መስተዋት ራሴን አየሁ። አባቴ ናቸው።

ላንተ ልናገር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የማኅሌት ዜማና ሽብሸባ መምህር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ መስማት እየተዋቸው ነበር። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው አገጫቸውን ያስደግፉበታል። ከበሮው በእንጨቱ ይመጣላቸው ነበር። ዜማውን ከተማሪው ጉሮሮ ላይ ያነቡታል። እኔ ዳዊቱን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ፊደል ግን አንድም አልለይ። ቀልደኛም ነበርሁ፣ ያኔም።

አንድ ቀን ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁ። አፌን ከፈትሁ፣ ጉሮሮዬን አንቀሳቀስሁ፣ ድምፅ አላወጣሁም። እስከ መጨረሻው። አባቴ አገጫቸውን አስደግፈው ጠበቁኝ። ሲያልቅ፣ ደግ፣ ተቀመጥ አሉኝ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ተማሪዎቹ ሲስቁ አባቴ አዩዋቸው። ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም። መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

በሳምንቱ ጠፍቼ ባሕር ዳር ገባሁ። ሳድግ ስፒከር ተሸካሚ ሆንሁ። ለሰው ከቄስ ት/ቤት ያባረረኝ ጅብ ነው እላለሁ፤ ይስቃሉ። ጅብ አልነበረም። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ በ41 ዓመቴ ፊደል የቆጠርሁት በዚህ ነው።

ዘንጉን ወደ ቦታው መለስሁት። ጫማዬን አደረግሁ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡30

የፈራሁት ሆነ።

አንድ ዘፈን ሙሉ ተጫወቱ። አቤል ሲያየኝ አውራ ጣቴን አሳየሁት፤ ጥሩ ነው። መሐል ላይ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ላርግልህ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለካ ድራም መቺው ገና ከመጀመሪያው የአቤልን ገመድ በእግሩ ነቅሎታል። ቤዝ የሚባል አልነበረም። ጮኸህ ታስቆመናለህ ብለው ሲጠብቁኝ ነበር።

ደምሌ ሙድ ያዘብን አሉ። ዝቅ ላርግልህ አለው እኮ እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ ፍቅሩ እንባውን ጠረገ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ያልሳቀ አንድ ሰው፣ አቤል። ገመዱን እየሰካ ያየኝ ነበር።

የሚያስፈራኝን ልንገርህ። አሁን ተነሥቼ ጆሮዬ አይሰማም ብላቸው ይስቃሉ። እምላለሁ፤ ይስቃሉ። ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በር ረስቼ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡00

ይርገዱ ያዘችኝ። ሚስት መቼ ትታለላለች። ዘንዘልማ ሰፈር ባጃጅ እየጠበቅን ሳለ ስልኬ ጮኸ፣ አነሣሁ። ለምን በቀኝህ ብቻ ታነሣለህ አለችኝ። የግራው ዕረፍት ወጥቷል አልኋት። አልሳቀችም። "ቀልዱን ለባንዱ አቆይላቸው። ለእኔ እውነቱን አምጣ።" አመጣሁላት። ባጃጁ ሲመጣ ወደ ሆስፒታል አዞረችው።

ከታሸገ ክፍል አስገቡኝ። እዚያ ውስጥ የራስህን ልብ ትሰማለህ፤ እኔ በቀኜ ሰማሁት። ድምፅ ሲመጣ ቁልፍ ተጫን ተባልሁ። ቀጫጭኖቹን፣ የወፎቹን ዓይነት፣ አንድም አላመለጡኝም። ወፍራሞቹ ግን መጡ አልመጡ አላውቅም። እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኋቸው።

ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችኝ። የግራው ጆሮ መስመር ገና ሲነሣ፣ ወፍራሞቹ ድምፆች ጋ፣ ጉድጓድ ገብቷል። እሱንስ አውቄዋለሁ። የቀኙም መነሻው ላይ ዘንበል ማለት ጀምሯል። ያን አላወቅሁም ነበር። ሊቆም ይችላል፣ ላይቆምም ይችላል አለች። መድኃኒት ጻፈች፣ ጨው ቀንስ አለች። ከቤተሰብ ጆሮው የደከመ አለ ወይ ስትል የለም አልኋት። ይርገዱ፣ "አለ እንጂ፤ አባቱ አይሰሙም" አለች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በየትኛው ጆሮ ጀመራቸው፣ ሁለተኛው በስንት ዓመቱ ሄደ፣ ያዞራቸው ነበር ወይ፣ ይህን ጠይቀህ ተመለስ፤ የእሳቸው መንገድ ያንተን ሊያሳየኝ ይችላል አለች። ጠይቅ። ቀላል ነገር።

አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ መንኩሰው ጣና ላይ ካለ የገዳም ደሴት ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ምንም አይሰሙም። ሰው የሚያናግራቸው በወረቀት ነው፤ ያነባሉ፣ በአፋቸው ይመልሳሉ። ዲያቆኑ ይጽፍላቸዋል። ጀልባ ነጂው ሳይቀር ይጽፍላቸዋል። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ እሄዳለሁ፣ ጉልበት እስማለሁ፣ ሻማና ስኳር አስቀምጣለሁ፣ እንተያያለን፣ እመለሳለሁ። የማይጽፍላቸው ልጃቸው ብቻ ነበር።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡00

የደረጃው ቀን ዛሬ ነው። ፍላሹን በሁለቱም ጆሮዬ ዳግም ሰማሁት። ወፍጮ ቆሟል። ጉማሬ ብቅ አላለም፤ ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ጠበቅሁት። ለቅሶ ደራሹ ቀርቷል። ዘበኛው በቀኜ በኩል አለ፣ ግን ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። በሙሉ አካሉ ያለ ሚዳቋ ብቻ።

ስለዚህ ባለኝ ጆሮ ብፈርድ 1ኛ ሚዳቋ ነው። አቤል ያሸንፋል፣ ይስቃሉ፣ ማንም አይጠይቀኝም። ጻፍሁት። አማረ። ቀደድሁት።

የድሮውን ጻፍሁ። ዘበኛው 1ኛ። ወፍጮ ከይቅርታ ጋር ወደ 2ኛ ተመለሰ። ከሥሩ ሦስት መስመር ጨመርሁ። ይህ ደረጃ የወጣው ድሮ በነበረኝ ጆሮ ነው። የአሁኑ የሚሰማው 5ኛውን ብቻ ነው። ረቡዕ ዕለት አልቀለድሁም።

ከቀኑ 11፡00

ወረቀቴን ያነበበው አቤል ነው። ጮክ ብሎ፣ በየስሙ እየተሳቀ። ጉማሬ ላይ አጨበጨቡ። 5ኛውን ጨርሶ ዓይኑ ከሥሩ ወዳሉት መስመሮች ወረደ፤ ንባቡን አቆመ። ጋሽ ፍቅሩ፣ ቀጥል እንጂ አለው። "አልቋል" አለ አቤል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ የተሸነፍሁት እኔ ነኝ፣ ባሕር ዳር ላይ እንደዚህ ሰውዬ ቤዝ ያወቀ ጆሮ አላየሁም አለ። ተጨበጨበልኝ። ሐይቁ ቢውጠኝ በወደድሁ።

ገመድ ስንጠቀልል በቀኜ በኩል መጥቶ ተቀመጠ። ጋሽ ደምሌ፣ እኔ ለጋሽ ፍቅሩ አልነግርም፣ አንተ ትነግረዋለህ አለኝ። እስከዚያ በጣት እንግባባ፤ አንድ ጣት ከፍ፣ ሁለት ጣት ዝቅ። አንተን 5ኛ ማለቴን ልመልስ አልሁት። ሚዳቋ ነው እንጂ እኔ መች 5ኛ ሆንሁ አለኝ።

ይህ ጣት የሚያዘልቅ አይደለም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

ወደቡ ላይ ነኝ። ጀልባው እየጫነ ነው፤ ጤፍ፣ ጧፍ፣ ሁለት መነኮሳት። ደሴቱ ሴት ስለማያስገባ ይርገዱ ሸኝታኝ ትመለሳለች። ሌሊቱን እንዳልተኛሁ ገምታ ታየኛለች። ልክ ናት።

ጥያቄዎቹን በትልልቁ ጻፍሁ፣ ዓይናቸው ደክሟልና። በእርስዎ ነው የጻፍሁት። አንደኛ፣ መጀመሪያ የሄደብዎ የትኛው ጆሮ ነው? ሁለተኛ፣ ሌላው በስንት ዓመቱ ተከተለ? ሦስተኛ፣ ያዞርዎት ነበር? እነዚህ የሐኪሟ ናቸው። አራተኛው የእኔ ነው። ያን ቀን አፌን ብቻ እንዳንቀሳቀስሁ ያውቁ ነበር?

አራተኛውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መለስሁት። የሐኪሟን መልስ እፈራለሁ፤ ሁለት ዓመት ቢሉኝስ? ሦስት ወር ቢሉኝስ? ይህኛውን ግን ይበልጥ እፈራዋለሁ።

ቆርጫለሁ። ቅጠል ቀድጄ አልሰጣቸውም። አንተን ሙሉውን እሰጣቸዋለሁ፣ ከእንሽላሊቱ ጀምሮ። ተቀምጠው ያንብቡህ፤ እኔ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ። ምንም ቢሉኝ ስመለስ ለጋሽ ፍቅሩ እነግረዋለሁ፣ በቃሌ፣ ሳልስቅ። ከሳቀ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።

ይርገዱ በግራዬ በኩል መጥታ ክንዴን እየሳበችው ነው። ቀና አልሁ። ጀልባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል፣ የጀልባው ነጂ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ስሜን ነው መሰለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠሩኝ አላውቅም። ልዘጋህ ነው፣ ደብተር፤ ልሳፈር።