ከበርጩማው የተነሣህ ቀን

ለወንድሜ፣ ሱሉልታ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። የሱሉልታ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ራቢአ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰፋኝ እንጂ ሌላ ጉድለት የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የሱቅ ደጃፍ ክርክር ነው። ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ዓለም ገና፣ ሸምሰዲን ሱቅ በር ላይ ተቀምጠን ሬዲዮው ስለ አንድ የሩቅ አገር ምርጫ ያወራል። ሸምሰዲን፣ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው የግድ ውትድርናን መቅመስ አለበት፤ ጥይት ሲያፏጭ ያልሰማ ሰው፣ የሰውን ልጅ መማገድ ይቀለዋል አለ። ባጃጅ ነጂው ሁንዴ፣ «ኦቦ ሸምሰዲን፣ እንዲያማ ከሆነ እኔም መንጃ ፈቃድ ከማውጣቴ በፊት መገልበጥ ነበረብኛ!» አለው። «አንተማ ካወጣህ በኋላ ነው የተገለበጥከው» ሸምሰዲን ሲለው ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አንቱ ወታደር ነበሩ፣ አንቱ ይፍረዱ አሉኝ። ሰባት ዓመት ጠመንጃ ተሸክሜ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ የያዝከውን ቦታ አትልቀቅ። ምሽግ ውስጥ ጥሩ ትምህርት ነው። ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን የሚበቃ አልመሰለኝም። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ።

የሰማንያ ሦስት ክረምት፣ ሐሙስ ቀን። መርዶዬ ከተነገረ ሁለት ዓመት አልፎት፣ የአንተና የሚስቴ የራቢአ ኒካሕ ለማግስቱ ተቆርጦ፣ እኔ ጭቃ እንደለበስኩ ከተፍ አልኩ። «ረጅሙና አጭሩ» እየተባልን አብረን ያደግን ሰዎች፣ ድንገት ተያየን። በርጩማዬ ላይ ተቀምጠህ የበሩን ማጠፊያ ትጠግን ነበር። ተነሣህ። በእጅጌህ ጠረግከውና፣ ና ተቀመጥ፣ ደክሞሃል አልከኝ። መዶሻህን እንኳ ሳትይዝ ወጣህ። እኔም ተቀመጥኩ። አንተን ሳላመሰግን፣ ራቢአንም አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቃት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ተቀመጥኩ።

ለሸምሰዲን የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው፦ ጠመንጃ ያንሣ አያንሣ ግድ የለኝም፤ ጊዜው ሲደርስ ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ መነሣት ይችል እንደሆን ጠይቁልኝ። ሁንዴ፣ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል አባባ አለኝ። ሱሉልታ አልኩት። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ጀናዛዋን ስናወጣ ከኋላ በኩል ትከሻህን ማስገባትህን አይቻለሁ። ከቀብር መልስ ቤት ሳትገባ በቡራዩ በኩል መሄድህንም ሰማሁ። ትዳር ሳትይዝ መቅረትህን ሰው በድህነት ያሳብባል። እኔም እንደዚያው ስል ኖሬአለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በቀደም ሳጥኗን ስከፍት፣ ከልብሶቿ ሁሉ ሥር አንድ ያልተለበሰ ነጭ የወንድ ጀለቢያ አገኘሁ። ስለካው ከጉልበቴ ትንሽ አለፍ ብሎ ቀረ። ጨርቁ በዕድሜ ብዛት ወይቧል። ብል እንዳይበላው የተነሰነሰበት ቅርንፉድ ግን የዘንድሮ ነው። እንዳጣጠፈችው መልሼ አኖርኩት።

እባክህ ሰበታ ና። ማጠፊያው ዛሬም ይሠራል፤ መዶሻህም አለ። በርጩማውን በእጅጌዬ ጠርጌ እጠብቅሃለሁ።

አላህ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ለእሷም ቀብሯን ያስፋላት፣ ኑር ያድርግላት። በዱዓህ አትርሳኝ።

ረጅሙ ወንድምህ