የዳማ ገመድ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፬

አሮጊቷን ጂፓችንን፣ ዳማን፣ ዛሬ ሸጥኳት። ስሙን ያገኘችው የዳማ ፈረስ መልክ ስላላት ነው፤ ጠባይዋ ግን የበቅሎ ነበር። መካኒኩ የሞተሯ ማሠሪያ ከራሷ ዋጋ እንደሚበልጥ ከነገረኝ ወዲህ ስወስንና ሳፈርስ ከረምኩ። ወደ ፈረስ ቤት ከተማ በሚወስደው ዳገት ላይ ጭቃ ውስጥ ስንቴ እንዳሳደረችኝ ሳስብ እቆርጣለሁ። ሁለቱም ልጆቼ ሲወለዱ እናታቸውን ሐኪም ቤት ያደረሰች እሷ መሆኗን ሳስታውስ ደግሞ እተወዋለሁ።

ገዢው የቡሬ እህል ነጋዴ ነው። ቁልፉን ስሰጠው ባለቤቴ ጥሩዬ የመጎተቻውን ገመድ ከኋላ አውጥታ ይዛ ቆመች።

«ከብት ሲሸጥ ገመዱ ለሻጭ ይቀራል፤ በረከቱ እንዳይከተል» አለችው።

«እትዬ፣ ስለዚች መኪና የሰማሁት እውነት ከሆነ ያለ ገመድ ቡሬ አልገባም።»

«እሱን ሳትገዛ ማሰብ ነበር።»

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስነዳት በረከቷ የቱ ጋ እንዳለ አላየሁም፤ ገመዱ ውስጥ ከሆነ ግን በደንብ ተጠቅመንበታል።

ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ቁልፉን አዞረ። እኔ ሳስነሣት ግማሽ ሰፈር ካልገፋት የማትነሣው ዳማ በአንዴ ተነሣች። እንደ ልጃገረድ።

ጥሩዬ ገመዱን ቀደም ሲል የሸጥናት ላም ገመድ ካለበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው። እኔ በረንዳ ላይ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ቡሬ ሳትደርስ ማንኩሳ ላይ ከቆመች ሰውዬው የሚደውለው ለኔ ነው፤ ገመዱ ያለው እኛ ጋ ነው። ያለችኝን መኪና ሸጬ በምን እንደምጎትታት ግን እንጃ።