ሳትነግረኝ የፈረምካት ወረቀት

ለባለቤቴ ለበላቸው፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። ባለፈው ሳምንት ብጽፍልህ ኖሮ ከናፍቆት በቀር የምነግርህ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ተናድጄብሃለሁ። ስማኝ አንተ ሰው፣ ሞተ ብዬ የምምርህ እንዳይመስልህ።

ቤታችን ደህና ነው። ልጅህ አልማዝ ስምንተኛ ክፍል አለፈች። ፍየሏ መንታ ወለደች። የጓሮው በር ማጠፊያ ዝጎ ወደቀ፤ ይሄ የባሕር ጨው ምን ብረት ያስተርፋል! አዲስ አስገጠምኩ። ይህን ሁሉ ብቻዬን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሼህ ሰይድን ነገር ነው።

ጎረቤታችን ሼህ ሰይድ ቤታቸውን አፍርሰው ለሾፌሮችና ለወደብ ሠራተኞች የሚከራይ ባለ ፎቅ፣ አሥራ ሁለት ክፍል ሊሠሩ ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከቱ። ሰፈራችን አንድ ግቢ ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ የተመራ መሆኑን ታውቃለህ። ይፈቀድላቸው አይፈቀድላቸው እየተጠና ነው ሲሉኝ ደሜ ፈላ። የሚሠሩት በባሕሩ በኩል ነዋ!

ይህን ቤት ስትሠራ ትዝ ይለኛል። መሠረቱ ሳይቆፈር ሸሚዝህን ውኃ ውስጥ ነክረህ ባዶው መሬት ላይ በገመድ ሰቀልክና፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ስታይ ዋልክ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሳቀብህ። መስኮቱን በሙሉ ለዚያ የባሕር ነፋስ ከፈትከው። ሰኔ ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንቅልፍ የሚወስደን በእሱ ነው። አሁን በነፋሱ ፊት ግንብ ሊቆም፣ ከላይ ደግሞ የአሥራ ሁለት ክፍል ሰው አልጋዬን ቁልቁል ሊያይ! ኧረ ወዲያ!

ነጠላዬን ደርቤ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። ጩኸቴን ወደቡ ድረስ የሰማው አይጠፋም። መሐንዲሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ እስክጨርስ ጠበቀኝና ፋይሉን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። የጎረቤት ስምምነት በሚለው ገጽ ላይ የአንተ ፊርማ አለ። ያቺ ጅራቷ የረዘመ ፊርማህ! ከመታመምህ አንድ ወር በፊት የተፈረመች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ወር ሙሉ ስንት ምሳ አብረን በላን፣ ስንት የማይረባ ወሬ አወራን፤ አንዲት ቃል አትተነፍስም? እንደማልስማማ ስለምታውቅ ነው። ፈሪ! ያን ሁሉ ቁልቁለት መኪናህን ከነጭነቱ ስታወርድ ያልፈራህ ሰውዬ፣ ሚስትህን ፈራህ።

ምክንያት በሚለው ቦታ በእጅህ ጽፈሃል፦ ከተሳቢ ሥር ተኝቼ አውቀዋለሁ።

እሱን ደግሜ አነበብኩት። ሾፌር ሳለህ ማደሪያ አጥተህ መኪናህ ሥር ስታድር፣ አሸዋው ሌሊትም አይበርድም ያልከኝን አልረሳሁም፤ በሙቀት የቆሰለ ጀርባህን የቀባሁት እኔ ነኝ። እንዲያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ምናልባት እሺ እል ነበር። ምናልባትም እምቢ ብዬ እንጣላ ነበር። ከአንተ ጋር መጣላት መብቴ ነበር፤ እሱን ነው የነጠቅኸኝ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?

አንተ ስለሌለህ ስምምነቱ የሚጸናው እኔ ስፈርም መሆኑን፣ እምቢ ካልኩ ጥያቄያቸው እንደሚወድቅ መሐንዲሱ ነገረኝ። በማግስቱ እሱና ሼህ ሰይድ ሜትር ይዘው መጡ። ሼህ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ መፈረምህን የማውቅ መስሏቸው ኖሯል፣ ምስኪን። ገባሁና ሸሚዝህን አወጣሁ። ነክሬ አጥሩ ጋ ሰቀልኩት። ነፋሱ ሲነፋው አሳየኋቸውና፣ በዚህ በኩል ስድስት እርምጃ ክፍት ካልተተወ፣ ወደ ግቢዬም መስኮት ከወጣ፣ አልፈርምም አልኩ። መሐንዲሱ ፈገግ አለ፤ ግን ጻፈው። ሼህ ሰይድ ሦስት ክፍል ቢቀንስባቸውም ወላሂ ብለው ተስማሙ።

ፈረምኩ። ከፊርማህ ሥር ሳይሆን ከላዩ።

አልረሳህም፤ ግን በእንባ ብቻ የማስታውስህ እንዳይመስልህ። ሰኔ ሲገባ አልጋዬን አወጣለሁ። ነፋሱ ከመጣ እመርቅሃለሁ። ከቀረ ግን ጎረቤት እየሰማ ስምህን ጠርቼ እቆጣሃለሁ። አትመልስልኝም፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሚስትህ አስካለ