ስለ «ኦርዱም ቬክ» ትርጉም ለድንኮች ቋንቋ ኃላፊ

ለክቡር ሚስተር ፒርስ ሎንስዴል
የ«ጥልቁ አዳራሽ» ጨዋታ አሳታሚ ድርጅት
የቋንቋዎችና የአፈ ታሪክ ክፍል ኃላፊ
ለንደን

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ለሚገኙት የድንክ ቋንቋ ሊቃውንት ሁሉ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። በተለይ ዓይናችሁን ጤና ይስጥልኝ፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሲገለብጥ የሚውል ዓይን ምን ያህል እንደሚደክም እገምታለሁና። እኔ ኔቪል ሱግደን እባላለሁ፤ ባርንስሊ አጠገብ የምኖር ጡረተኛ ፖስተኛ ነኝ። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በጨዋታችሁ ውስጥ ድንኮቹ የሚናገሯቸውን ቃላት እየለቀምኩ፣ ትርጉማቸውን እየገመትኩ፣ ማንም ሳያዘኝ በኢንተርኔት ላይ መዝገበ ቃላት ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ ይህን ሥራ በሽታ ትለዋለች። እርስዎ ግን ባለፈው መስከረም ጠንካራ ሽፋን አልብሰው፣ በወርቅ ቀለም አስጊጠው፣ «ይፋዊ መዝገበ ቃላት» ብለው ስላሳተሙት ከልብ አመሰግናለሁ። የእኔን ስም የሚያስገቡበት ቦታ ማጣትዎንም እረዳለሁ፤ አራት መቶ ገጽ ምን ይበቃል?

ቅሬታዎቼን በቁጥር ከፍዬ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

፩. በገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ «ኦርዱም ቬክ» ማለት «መብራትህን አላጠፋነውም» ማለት እንደሆነ፣ ድንኮቹም ከሦስተኛው ዘመን ጀምሮ በሙታናቸው ላይ ሲሉት እንደኖሩ ተጽፏል። ልብ የሚነካ ታሪክ ነው። ችግሩ፣ ይህ ትርጉም ከሦስተኛው ዘመን አልመጣም፤ የዛሬ አራት ዓመት በየካቲት ወር፣ ከአንድ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ፣ ከእኔው አፍ ነው የወጣው። እኔ ፈጠርኩት። ውሸት ነው።

፪. ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽፌ አሳውቄዎት ነበር። ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም። ለሦስተኛው ክፍልዎ «ስለ ጨዋታችን ያለዎትን ፍቅር እናደንቃለን፤ ትርጉሙ ግን በአምስት የተለያዩ ምንጮች ተረጋግጧል» ሲል በትሕትና መለሰልኝ። ምንጮቹን አንድ በአንድ ተመለከትኳቸው። የመጀመሪያው ከእኔ ገልብጧል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከመጀመሪያው ገልብጠዋል፤ አራተኛው የጀርመን ተጫዋቾች ማኅበር ሲሆን፣ ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ በስሜ ጠርተው አመስግነውኛል፤ አምስተኛው ራሴ ነኝ። ውሸቱን ሊናዘዝ መጥቶ «የለም፣ እውነትህን ነው» ተብሎ አምስት ምስክር የተቆጠረለት ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ።

፫. ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ ቢሮ ስላጣሁ ወደ እርስዎ ላክሁት።

ኖሪስ ኮልዌል ጓደኛዬ ነበር። የከሰል ጉድጓዱ እስኪዘጋ ድረስ ከመሬት በታች ሠርቷል። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በየሐሙሱ ከምሳ በኋላ በሠራተኞች ክበብ የኋላ ክፍል ከእኛ ጋር ጠረጴዛ ከቦ እየተቀመጠ፣ ሁላችንም በቃል እየተረክን በምንጫወተው ጨዋታችሁ ውስጥ ጢማም ድንክ ሆኖ እንደገና ከመሬት በታች ይቆፍር ነበር። «ሰውዬ፣ ከዚያ ጉድጓድ መውጣት አቃተህ?» ስንለው «በዚህኛው ቢራ አለ» ይለናል። በጨዋታው የአንዳችን ድንክ የሞተ እንደሆነ ሁላችንም መዳፋችንን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ጥለን «ኦርዱም ቬክ» እንላለን፤ ድንኩ የሞተበት ሰው ብርጭቆውን ጨርሶ እስኪያስቀምጥም ማንም ወደ ጨዋታው አይመለስም። የጨዋታው መጽሐፍ እንዲህ በሉ ይላል እንጂ ምን ማለት እንደሆነ የትም አይናገርም።

በሳንባው የቀረው የከሰል አቧራ በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲጥለው ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። ባለቤቱ ቤሪል ሻይ ልታመጣ ወጣ አለች። ኦክስጅኑን ከአፍንጫው ገፋ አድርጎ «ኔቭ፣ ያ አንዱ ሲሞትብን የምንለው ነገር፣ ምን ማለት ነው?» አለኝ። ድምፁ የቀልድ ነበር፤ ዓይኑ ግን አይቀልድም። እኔ ደግሞ ለድንክ ቃል «አላውቅም» ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ በሌላ ነገር የምኮራበት ስላልነበረኝ በዚያ እኮራ ነበር። «መብራትህን አላጠፋነውም ማለት ነው» አልኩት። «ጥሩ ነው። የመቃብር ድንጋዬ ላይ እሱን አጽፉልኝ» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሞተ።

በመዝገቤ ውስጥ ግምት በሆነ ትርጉም ሁሉ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አኖራለሁ። ይህንን ትርጉም ሳሰፍር ምልክቱን ተውኩት። ቤሪል ኢንተርኔት ገብታ ብታየው እንዳትጠራጠር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ሊቅነቴን ላለማጣት ነው፤ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ። አሁን የኖሪስ መቃብር ላይ ከላይ የድንክ ፊደል፣ ከታች የእኔ ውሸት ተቀርጾ ቆሟል። ቤሪል በየእሑዱ ትወለውለዋለች። እኔ በመቃብሩ በር ላለማለፍ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ዙሪያውን እዞራለሁ።

ይህንንም ቢሆን ችዬ እኖር ነበር። የእርስዎ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ ግን ቤሪል እሱን ታቅፋ ክበባችን ድረስ መጣች። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ የአውቶቡስ ቲኬት ሰክታበት ነበር። ቆማ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ጮክ ብላ አነበበችው። «አያችሁ? የኔ ኖሪስ ድንጋይ ላይ ያለው እኮ ነው! ለንደኖቹም አረጋገጡት!» ሁሉም አጨበጨበ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ሊቃችን!» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሦስት ደብዳቤ ያልሰሙኝ እርስዎ፣ በዚያች ሰዓት ከአጠገቤ ቆመው አብረውኝ የሚዋሹ መሰለኝ።

ስለዚህ ባለፈው ሰኞ ቤሪል ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ትልጥ ነበር። ኮፍያዬን በእጄ ይዤ፣ እንደቆምኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋዋ እንኳን አልቆመችም።

«እሱንማ ኖሪስ ያኔውኑ ነግሮኛል» አለችኝ። «‹ኔቭ ከራሱ ፈጥሮ ነገረኝ፤ ጆሮው ቲማቲም መስሎ ነበር። አደራሽን፣ እንዳታሳፍሪው› ነው ያለኝ።»

«ታዲያ መጽሐፉን ለምን አነበብሽው?»

«ደስ ይልህ ይሆናል ብዬ ነዋ! አራት ዓመት ሙሉ እኔን ስታይ መሬት መሬት ታያለህ።»

«ድንጋዩስ? ውሸት መሆኑን ካወቀ ለምን አጻፈው?»

ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «አንተ ስላልከው ነው፣ ኔቪል። ድንኮቹማ ምን አገባቸው?»

ባልና ሚስቱን ከእውነቱ የምሸሽግ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እነሱ ናቸው እኔን ሲሸሽጉኝ የኖሩት። የሚሞተው ሰው ለእኔ አዝኖ፣ እኔ ደግሞ ሊቅ ነኝ ብዬ በጨዋታ ተጫዋቾች ፊት ደረቴን ነፍቼ አራት ዓመት ኖርኩ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር በሕይወቴ አላውቅም። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ተቀምጬ ድንች አብሬያት ላጥኩ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ድንጋዩ እንዳለ ይቆማል፤ ቤሪል ማንም እንዳይነካው ብላለች። ከመጽሐፍዎ ግን ያውጡልን። እርማት ጨምሩበት፣ ስሜን ጥቀሱ፣ ይቅርታ ጠይቁ አላልኩም። ያ ቃል ለድንኮች ሁሉ አልተነገረም፤ መተንፈስ ላቃተው አንድ ሰው ነው የተነገረው፤ ሰውየውም ተቀብሎታል። ለቀረው ሕዝብ በገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ባዶ ቦታ ይበቃዋል።

የማይገባኝን እምነት ስለጣሉብኝ፣ የካድኩትንም ጭምር ስላመኑልኝ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

በክፍልዎ ዘንድ የተረጋገጠ ምንጭ፣ በቤቱ ግን ያፈረ ሰው፣
ኔቪል ሱግደን፣ ጡረተኛ ፖስተኛ

ከፊርማዬ በኋላ፦ በሦስት ደብዳቤ ስላልሰሙኝ ይህን አራተኛውን በጋዜጣ እንዲወጣ ከመላኬ በፊት የጨዋታውን የመጀመሪያ እትም ገለጥኩ። ቋንቋውን የፈጠሩት ሴት ስም ከሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ኦልሮይድ ይባላሉ። በሕይወት አሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ስልካቸውም በማውጫ ላይ አለ። ደወልኩላቸው፤ ወዲያው አነሱት። «ኦርዱም ቬክ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው እኔ የመጀመሪያው እንደሆንኩም ጨምረው ነገሩኝ። አሥራ ዘጠኙን ዓመት የዘገየሁት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ትርጉሙን እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ትገለብጡታላችሁ።