ስንጥቁ እና መቶ ሺህኛው ተከታይ

ለተከበሩ የግንባታና የቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ለስልክዎ ባትሪ ያለኝን መልካም ምኞት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ሥር፣ ግቢዎን ደግፎ ከያዘው ትልቅ የድንጋይ ግንብ ጋር ጀርባቸውን ካስጠጉት አሥራ ሁለት ክፍሎች በሦስተኛው የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። መልኬን ባያውቁት እጄን ያውቁታል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽዎ ላይ ከስንጥቁ አጠገብ ሜትር ይዞ የሚታየው፣ አውራ ጣቱ በመርፌ የተበሳሳው እጅ የእኔ ነው። ጽሑፌ ቢንዛዛ ይቅር ይበሉኝ፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፣ ወሬ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ።

1ኛ. ከምስጋናው ልጀምር። የዛሬ አሥር ወር ግድም፣ ከታላቅ ወንድሜ አልጋ ራስጌ በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ከዚያ አልጋ አልተነሣም። ማመልከቻዬን በንጹሕ ወረቀት ጽፌ መዝገብ ቤትዎ ብመጣ፣ ሠራተኛዋ በፈገግታ ተቀብላኝ፣ “እትዬ፣ ወረቀት እኮ ቀርቷል፤ ገጻችንን ይከተሉ፣ ላይክ ያድርጉ፣ አቤቱታዎን ከነፎቶው ኮሜንት ላይ ያስቀምጡት” አለችኝ። እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ሙያዬ ነውና ስንጥቁን በሜትር ለካሁት፣ ጫፉን በጨርቅ ጠመኔ ምልክት አድርጌ ቀን ጻፍኩበት፣ ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። ያን ዕለት ገጽዎ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተከታዮች ነበሩት፣ ግማሾቹም የራስዎ ሠራተኞች ነበሩ። ፎቶዬን በለጠፉ በሦስተኛው ቀን አምስት ሺህ ገቡ። ለዚህ ውለታዬ “የወሩ ንቁ ተከታይ” የሚል የምስክር ወረቀት ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስንጥቁ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሚረግፈው አሸዋ ወንድሜ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ትንሽ ከልክሎልናል።

2ኛ. “ማክሰኞን ከስንጥቁ ጋር” የተሰኘው ሳምንታዊ ዝግጅትዎ ሕዝቡን ምን ያህል እንዳቀራረበ ሳልመሰክር አላልፍም። “መስኮቱ ጋ መቼ ይደርሳል? ሀ. በሁለት ሳምንት፣ ለ. በወር፣ ሐ. አይደርስም” ብለው የጠየቁ ጊዜ ስምንት ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ። አንዱ፣ “እማማ፣ መርፌና ክር እያለዎት ምን አስጨነቀዎት?” ብሎ ጻፈልኝ። ሌላዋ ደግሞ፣ “እኔ ‘ለ’ ብያለሁ፤ አደራ እንዳታሳፍሩኝ” አለች። እርስዎም ሥራ ሳይበዛብዎት ለእያንዳንዳቸው ቀይ ልብ ላኩላቸው። ስንጥቁ በአሥራ ሦስተኛው ቀን መስኮቱ ጋ ደረሰ። “ሀ” ያላችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ።

3ኛ. መሐንዲስ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሜትር አልያዘም፤ ስልክ የሚሰካበት ዘንግ ግን ይዞ ነበር። በጠመኔ ያደረግሁት ምልክት ቀጭን ነው፣ በስክሪን አይወጣም ብሎ በወፍራሙ አስደገመኝ። ከዚያ ወንድሜን፣ “ጋሼ፣ እባክዎ ግድግዳውን ፈራ ብለው ይዩልኝ” አለው። ወንድሜ ሳቁ አመለጠውና፣ “ልጄ፣ እኔ ከተኛሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ መተኛት አሁን ያማረው ግድግዳው ነው” አለው። መሐንዲሱም አብሮ ሳቀ፤ ሲለጥፈው ግን ሳቁን ቆርጦ አውጥቶ፣ ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ አስገባበት። ስንጥቁን በጣቱ እንኳ አልነካውም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን መከተል ስላቃተኝ በቀጥታ ወደ ዋናው ጉዳይ ብገባ እንደድፍረት አይቁጠሩብኝ።

የሰው ደግ አይጠፋምና፣ ሁለት ግንበኞች ግንቡን የሚደግፍ ምሰሶ ጭነው መጡልን። እርስዎ ግን ከበር መለሷቸው። ምክንያቱን በገጽዎ አነበብን፤ “የጥገናውን ጅምር፣ ቤተሰባችን መቶ ሺህ በሞላ ዕለት በቀጥታ ስርጭት እናበሥራለን” ይላል። እኛም ምን አማራጭ አለን፣ ተከታይ መልቀም ጀመርን። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ራስ ግማሹን ላጭቶ፣ “ቀሪው ገጹን ከተከተልክ በኋላ ነው” እያለ ስንቱን አስገባ። አክስቴ ስልክ ስለሌላት በልጅዋ ስልክ ሦስት ጊዜ ተከተለችዎ። ዘጠና ሰባት ሺህ ደረስን። ስንጥቁ ላይ ክር በሙጫ አጣብቄ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፤ ክሩ ከተበጠሰ ግድግዳው ተከፍቷል ማለት ነው። በመጀመሪያ በሳምንት አንድ ክር ነበር የምቀይረው።

በመካከሉ የሌላ ሰፈር ጽሕፈት ቤት የዘመመ የመብራት ምሰሶ ለጠፈና ሕዝቡ ወደዚያ ጎረፈ። ምን ይደረግ፣ ምሰሶው ከእኛ ግድግዳ ይልቅ ያምራል መሰለኝ። ዛሬ ዘጠና አራት ሺህ ላይ ነን። ስንጥቁ ወደ ፊት ሲሄድ የእርስዎ ቁጥር ወደ ኋላ ሄደ። በውስጥ መስመርም፣ “ሕዝቡ ስንጥቁን ስለሰለቸው አዲስ ነገር ካለ ይላኩልን” ብለው ጻፉልኝ።

አዲስ ነገርማ አለ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ስለዘነበ፣ ከዚህ በፊት ደረቅ በነበረው ድንጋይ መሐል ጭቃ ያዘለ ውኃ ይወጣል። ግንቡ ሆዱ ገፍቷል፤ ከአምስተኛው ክፍል በራፍ ቆሞ ያየ ሁሉ ያየዋል። ክሩን አሁን የምቀይረው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። የክፍላችን በር መቃኑ ስለተጣመመ አይዘጋም። ወንድሜም ቀልድ ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ አሸዋው ረገፍ ባለ ቁጥር እጄን ጠበቅ ያደርጋል።

ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት እናወጣዋለን። አልጋው በተጣመመው በር ስለማያልፍ፣ እርስዎ ለቢሮዎ እንድሰፋ ካዘዙኝ መጋረጃ የተረፈውን ጨርቅ በሁለት ወፍራም እንጨት ላይ ሰፍቼ ቃሬዛ አድርጌዋለሁ። ጨርቁ ጠንካራ ነው፤ ምርጫዎን አደንቃለሁ። የቀሩት አሥራ አንድ ክፍሎች ሰውም ዕቃውን እያሰረ ነው፤ የት እንደምናድር ገና አልተነጋገርንም። ለፊታችን ማክሰኞ የምልከው ፎቶ ስለማይኖር ተከታዮችዎን ከወዲሁ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
ከዘጠና አራት ሺህ ቤተሰብዎ አንዷ፣ የምስክር ወረቀት ባለቤት፣
ከግንቡ ሥር፣ ሦስተኛው ክፍል (እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ)

ማስታወሻ፦ ለቀጥታ ስርጭት ክፍልዎ ያዘዙኝን መጋረጃ ሐሙስ ዕለት ሰቅዬልዎታለሁ። ጫፉን ላስተካክል ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ከግንቡ በኩል ተነሥታ በወንበርዎ ሥር የምታልፍ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሲሚንቶው ላይ አየሁ። የለመደ እጅ ነውና በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ቀን ጽፌ፣ ክር አጣበቅሁባት። ቅዳሜ ጫፉን ልጨርስ ስመለስ ክሩ ተበጥሷል። መጋረጃው ወለል ድረስ ስለሚወርድ በካሜራ አይታይም፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ። ሰው ነዎትና ከዚያ ወንበር ይነሡ እልዎታለሁ። አቤት ማለት ካስፈለገዎም ወረቀት ቀርቷል፤ ከነፎቶው ኮሜንት ላይ ያስቀምጡልን፣ ሁላችንም ላይክ እናደርግልዎታለን።