ጠርተን ያልከፈትነው በረት

ቶርስታይን፣

ለአዲሱ አልበም ጊታርና ከበሮውን ትተን ተራራው ላይ ወጥተናል። ገበሬዎቹ በረዶው ሳይመጣ ብለው ከብቶቹን አውርደዋቸዋል፤ ግጦሹ ባዶ ነው። ዘፋኛችን ሲግሩን በረቱ ደጃፍ ቆማ ላም የሚጠራበትን ዜማ አዜመች፣ እኛም ቀዳን። በርገን ከተማ እያለን ጎረቤትህ በጊታራችን ተማርሮ ግድግዳ ይደበድብ ነበር፤ እዚህ የመለሰልን የላም ቃጭል ነው። ከዚያ ወዲህ ላም ሳትታይ ያረፍንበትን ቤት ይዞራል።

ቅጂውን ለሲግሩን አክስት ለቦርግሂልድ አሰማናቸው።

"በረቱን ከፈትሽላቸው?" አሏት።

"ለማን? ከብት የለም እኮ፣ አክስቴ።"

"ታዲያ ማንን ጠራሽ? ከብቱ ሲወርድ ቦታው የስውሮቹ የተራራ ሰዎችና የከብቶቻቸው ነው። ጠርተሽ ደጅ ታቆሚያቸዋለሽ?"

ዛሬ ጠዋት ከፈትነው። ቃጭሉ አጠገባችን አልፎ ገባና ጸጥ አለ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ። አልበሙን ስታጫውቱት በሩን ገርበብ አድርጉት።

ኦድቫር