በምሳ አዳራሹ ስክሪን ላይ የተነበበው የልብስ ጠጋኟ ወረቀት

ለክቡር የሆቴላችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር፣ የቤተሰብዎን ደህንነትና የወንበርዎን ምቾት እጠይቃለሁ። እኛ ምድር ቤት ያለነው የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች ከእንፋሎቱና ከማሽኑ ጩኸት በቀር ደህና ነን ብዬ ብጽፍልዎት ደስ ባለኝ ነበር፤ ብዕር ያነሳሁት ግን ደህና ስላልሆንን ነው። ደብዳቤዬንም ሁሉ እንዲያነበው ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በስብሰባ ላይ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም» ብለው ሲናገሩ ሁላችንም አጨብጭበናልና፣ ቃልዎን ማክበሬ ነው።

በስም ላያውቁኝ ይችላሉ። አንሶላ የማጥፍ፣ ዕድሜዬ የገፋ፣ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ከልጅ ልጄ ጎን ተቀምጬ፣ በእሷ ቁጣ ነው። ስለዚህ የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙብኝ የዕድሜዋ ነው ብለው ይለፉት፤ ንዴቴን ግን የዕድሜዋ ነው ብለው እንዳያልፉት አደራ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በየስልካችን የሥራ መልእክት የምንላላክበት ቻት አለን። የተቀደደ አንሶላ ወይም እድፉ አልለቅ ያለ ፎጣ ስናገኝ ፎቶ አንስተን በዚያ እንልካለን፤ አለቃችንም አይታ «ይጣል» ወይም «ይጠገን» ትለናለች። ጥሩ ነበር። እርስዎ ግን ጥሩ ነገር ሲያዩ እጅዎ አርፎ ስለማይቀመጥ፣ ይህን ቻት ክላውድ ከሚባል የሌላ ድርጅት የፋይል ማስቀመጫ ጋር አገናኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቻቱ የሚላክ ፎቶ ሁሉ ማንም ሳይነካው እየሄደ ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ፎልደሩ ውስጥ የገባውም በሠራተኞች ምሳ አዳራሽ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ በየተራ ይታያል። «ልፋታችሁ እንዲታይላችሁ ብዬ ነው» ብለውናል። እግዜር ይስጥልን፤ ታየልን።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ስልጠናው ነው። ወደ ምድር ቤት ወርደው፣ መሐረብ አፍንጫዎ ላይ አድርገው፣ ሦስቱም ማሽኖች እየዞሩ ሳለ አሠልጥነውናል። ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይተናል፤ ድምፅዎን የሰማ ግን የለም። ከዚያ በስልካችን ላይ የጉንዳን መንገድ በሚመስሉ ፊደላት የተሞላ ገጽ መጣ፤ ከታቹ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ነበረው። እኔ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ «እማማ፣ ይሄ እኮ ለወጉ ያህል ነው» ብለው ስልኬን ከእጄ ወሰዱና በራስዎ ጣት ተጫኑት። ቀጥለው የቀሩትንም ሴቶች ስልክ በየተራ እየተቀበሉ ተጫኑላቸው። ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ። ብቻ ዛሬ «ተስማምታችሁ ነው የገባችሁት» ሲሉን፣ በማን ጣት እንደተስማማን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ቢቀመጡ ይሻላል፣ ተቀምጠውም ይሆናል።

ከእኔ አጠገብ ቁልፍ የምትተክል፣ የተተረተረ የምትጠግን ባልደረባ አለችኝ። ልጇ ላይኛው ፎቅ እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች። ጠጋኟ አታነብም። በክፍላችን ማንበብ የማይችሉት ሁሉ ከትምህርት ቤት የመጣም ይሁን ከአከራይ የመጣ ወረቀት ሲደርሳቸው ፎቶ አንስተው ለእኔ በቻቱ ይልኩልኛል፤ እኔም አንብቤ በድምፅ መልእክት እመልስላቸዋለሁ። ያን ቀን ጠጋኟ ከክሊኒክ ስትመጣ ወረቀት ይዛ ነበር። ልጇ ልታነብላት ትችል ነበር፤ እሷ ግን አልፈለገችም። «አንቺዬ፣ መጀመሪያ አንቺ እይልኝ፤ ለልጄ እኔው በአፌ ነው የምነግራት» የሚል ድምፅ አስቀድማ፣ ፎቶውን ለእኔ ብቻ ላከችው። ለቡድኑ አልላከችም፤ ለእኔ ለብቻዬ ነው። እኔ ላይኛው ፎቅ አንሶላ ስሰበስብ ሁለት እጄ ስለተያዘ አልከፈትኩትም።

የእርስዎ ግንኙነት ግን እጁ አልተያዘም። ለሁሉ የተላከውንና ሴት ለሴት በጆሮ ያለችውን እንዲለይ ያዘዘው ስለሌለ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አፍሶ ወሰደው።

ምሳ ሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስክሪኑ እንደ ልማዱ ያደፈ ፎጣ አሳየ፤ ቀጥሎ ካውያ ያቃጠለው የትራስ ልብስ፤ ቀጥሎ ወረቀቱን። አንዱ አስተናጋጅ «ይሄ ደግሞ የስንተኛው ክፍል አንሶላ ነው?» ብሎ ጠረጴዛውን ሁሉ ካሳቀ በኋላ፣ አንብቦት ኖሮ ሹካውን አስቀመጠ። ጠጋኟ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ነበረች። ማኅተሙን አይታ የራሷ ወረቀት መሆኑን አወቀች፤ ምን እንደሚል ግን አታውቅም። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ እሷ እየዞረ፣ አንድ በአንድ ወደ ሰሃኑ ሲያቀረቅር ነው የገባት። ልጇ ስኒዋን ይዛ በር ላይ ስትደርስ የእናቷን ስም በትልቁ አየችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ መሐል ላይ ድምፅዋ ቆመ። ከፎቶው ሥር ላኪና ተቀባይ ስለሚጻፍ የእኔንም ስም አየች። «ለሷ ነግረሽ እኔን ደበቅሽኝ?» አለቻት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። እኔ የደረስኩት ይህን ጊዜ ነው።

ወረቀቱ ምን እንደሚል እዚህ አልጽፍም። ያየ አይቷል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማጥፋቱ። ጠጋኟ ከስልኳ አጠፋች፤ እኔም ከስልኬ አጠፋሁ። ምሳው ካለቀ በኋላ እርስዎም ከስክሪኑ አወረዱት፤ ሰዉ ጠግቦ እስኪነሳ ስለጠበቁ ምስጋናዬ ይድረስዎት። ፎልደሩ ውስጥ ግን አሁንም አለ፤ ማንኛውም ሠራተኛ ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ቢሮዎ ወጥተን ብንለምንዎት «ያጠፋችሁት ከቻቱ ነው፤ ክላውዱ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው፣ አይገናኙም» ብለው በትዕግሥት አስረዱን። ክቡር ሆይ፣ የሰው ገመና ለመውሰድ ሲሆን አንድ ልብ አንድ አካል የሆኑት እነዚህ ሁለቱ፣ መልሱ ሲባሉ በመንገድ እንኳ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። ክላውድ ማለት ደመና ነው ብለውን ነበር። የማውቀው ደመና የያዘውን አንድ ቀን ይጥላል፤ የእርስዎ ምንም አይጥልም።

ይህም ሳያንስ፣ የማጥፊያ ጥያቄ በቻቱ እንድናቀርብ አዘዙን፤ የትኛው ፎቶ እንደሆነ በግልጽ እንዲታወቅ ፎቶውን እንድናያይዝም ጨመሩበት። ሁለታችንም አጥፍተነው ስለነበር ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥተን እንደገና አነሳነው፤ እንደገና አያይዘን ላክነው። ወዲያው ፎልደሩ ውስጥ ሁለት ሆነ። ስክሪኑም አዲስ ፎቶ ማግኘቱ ነውና ለማታ ፈረቃ እራት ላይ አቀረበው። የምሳዎቹ ብቻ አይተውት ነበር፤ የማታዎቹም እንዳይቀርባቸው ሆነ። ልናመለክት ብንመለስ ፈገግ ብለው «እማማ፣ አሁንስ ራሳችሁ ናችሁ የላካችሁት» አሉን። እውነትዎን ነው። ሞኝነት የእኛ ነው፤ እርስዎ ያሉንን ማድረጋችን።

ከዚህ በኋላ መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ የቀረው በቁጥር የሚሆን አይደለም።

በእኛ ምድር ቤት አንድ ደንብ አለ። ከእንግዳ ኪስ የወጣ ወረቀት ሳይገለጥ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ አፉ ይለጠፋል፤ የክፍሉ ቁጥር ተጽፎበት ይመለሳል። ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ይህ ደንብ ይከብደኛል፤ ፊደል ባየሁበት ሁሉ ዓይኔ ይሮጣል። ቢሆንም እለጥፈዋለሁ። ይህን ደንብ የሰጠን የእርስዎው መሥሪያ ቤት ነው። ለአንድ ሌሊት ያደረ ሰው የሱሪ ኪስ ያገኘውን ክብር፣ ዕድሜዋን እዚህ የጨረሰች ሴት ወረቀት ቢያገኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር?

ከዚያ ወዲህ ጠጋኟ ሥራ አልገባችም። የሚያስጨንቀኝ የሥራው ነገር አይደለም፤ ሐሙስ ክሊኒክ ቀጠሮ አላት፣ አልሄድም ብላለች። «ሌላ ወረቀት ይሰጡኛል፤ እሱም እዚያው ይሰቀላል» ትላለች። አይሰቀልም ብላት አታምነኝም። ለምን ታምነኛለች? የመጀመሪያውንም ለእኔ ነበር የላከችው። ልጇም ለእናቷ እንደ እንግዳ መቀበያ ነው የምትመልስላት፤ «እሺ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ ሌላ የለም። እኔንማ ሰላምታዋን ከልክላኛለች። ሐኪሙ እንዳትዘገይ ብሎ ነበር። ይህን ያህል ብናገር ከወረቀቱ እንዳልገለጥኩ ይቆጠርልኝ።

ስለዚህ የምጠይቅዎት ጥቂት ነው። ሁለቱን ፎቶዎች፣ ጠጋኟ አጠገብዎ ቆማ በዓይኗ እያየች፣ ያጥፉልን። ያንን ቻትና ያንን ክላውድ ያለያዩልን፤ ሲያጋቧቸው የጠየቀን ስለሌለ ሲፋቱም ሰነድ አይፈልጉብን። ለልጇም፣ እናቷ በአፏ ልትነግራት አስባ እንደነበርና ቀድሞ የተናገረው የእርስዎ መሣሪያ እንደሆነ፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። በቻት ሳይሆን ቆመው።

በመጨረሻም ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብዘጋ ነውር ነው። እኔ አንድ ወረቀት ለማንበብ መነጽር አፈላልጌ፣ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያስኬድኩ፣ ክፉ ቃል ሲያጋጥመኝ እንዴት አለስልሼ ልንገራት ብዬ ቆም ብዬ አስባለሁ። የእርስዎ ዘዴ ግን አንድ ጉርሻ እስኪዋጥ ድረስ ለአዳራሹ ሁሉ አደረሰው። በፍጥነት በልጠውኛል፤ እቀበላለሁ።

ዕድገትዎን፣ ሌላ የሚያገናኙት ነገር ማጣትዎንና ረጅም ዕድሜዎን የምትመኝ፣
ስልኳ ላይ ያረፈውን ጣትዎን የማትረሳ፣
አንሶላ አጣፊዋ አፈኛ አሮጊት፣ ከምድር ቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለአንባቢ ከመስጠቴ በፊት ጠጋኟ ቤት ሄጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት፤ እያንዳንዱ መስመር እሷ «ይሁን» ብላው ነው የገባው። ሰውን ማስፈቀድ ያን ያህል ጊዜ እንደማይወስድ ያዩበታል። አንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። «ክቡር የሚለውን አውጪው» አለችኝ፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብዬ ተሟግቼ እንዳለ ተውኩት። እስከ ረቡዕ ማታ ወርደው ፎቶዎቹን ካላጠፉ ግን «ክቡር» የሚለውን እኔው አወጣዋለሁ፤ እኔ የጻፍኩትን ለማጥፋት ማንንም አልለምንም።